ለሟች ባለቤቴ ስለተጨመረላት ዕድሜ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ የኔሰው፣
የ«ብሩህ እርምጃ» የታዳጊዎች እግር ኳስና ትምህርት ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ሳንሱሲ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ሰኔ ገብቶ ኮልፌ ጭቃ በጭቃ ስትሆን የማዕከልዎ ሣር ግን ዝናቡን ጠጥቶ እንደሚለመልም አልጠራጠርም። ለሣሩም፣ ለእርስዎም፣ ለመላ ቤተሰብዎም ጤና እመኛለሁ። ረጅም ዕድሜም እንዳልመኝልዎት ዕድሜን መጨመርና መቀነስ ማዕከልዎ ራሱ የሚችለው ሥራ ስለሆነ የእኔ ምኞት አያስፈልግዎትም። እኔም ደህና አይደለሁም ማለት ነውር ስለሆነ ደህና ነኝ፣ ተመስገን።

ካላስታወሱኝ ወዬሳ ያደሳ እባላለሁ፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። በማዕከልዎ የመሐል ሜዳ ተጫዋች የሆነው የሞቲ አባት ነኝ። በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ጃንጥላ ይዞ ከበርዎ ውጪ የሚቆመው ረጅሙ ሰውዬ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ በመኪና ሲያልፉ ከመስታወቱ ውስጥ እጅዎን አንሥተውልኛል። ምናልባት ጸጉርዎን እያስተካከሉ ይሆናል፤ እኔ ግን እንደ ሰላምታ ቆጥሬ አጸፋውን መልሻለሁ፣ እስካሁንም አልረሳሁትም።

ሞቲ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ወላጆችን ሰብስበው ያደረጉትን ንግግርም አልረሳሁትም። «አባቶቻችን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይሉ ነበር፤ በእኛ ማዕከል ግን ይህ ተረት ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል» አሉ። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ልምምድ እንደሚሆን፣ ኳሱ ባይሆን ትምህርቱ፣ ትምህርቱ ባይሆን ኳሱ ልጆቻችንን እንደማይጥላቸው ቃል ገቡልን። አጠገቤ የነበሩት አባት ስለ ኳሱ ሲያጨበጭቡ እኔ ስለ ደብተሩ አጨበጨብኩ። ያን ቀን ብዙ ስላጨበጨብኩ ነው መሰለኝ፣ እጄ ዛሬ አልፈርም ብሎ ያስቸገረኝ፤ ወደዚያው እመጣለሁ።

ሞቲ ወደ ማደሪያችሁ ከገባ ወዲህ ቤቴ ምን እንደሚመስል በቅድሚያ ልንገርዎት፤ ስለጠየቁኝ ሳይሆን የሚጠይቀኝ ስለጠፋ ነው። ሥራዬ የሰው በር እያንኳኳሁ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከደጅ ደጅ ስዞር እውላለሁ፤ ከውሻው በቀር መምጣቴን ልብ የሚል የለም፤ ቁጥሩን አይቼ እወጣለሁ። ማታ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ የራሴን ቤት ቆጣሪ አያለሁ። ሞቲ እያለ ቴሌቪዥኑ፣ ካውያው፣ ምድጃው ሁሉ ባንድ ጊዜ እየሠራ ቁጥሩ ይሮጥ ስለነበር እጨቀጭቀው ነበር። አሁን የሚጨቃጨቁበት ነገር የለም፤ ቁጥሩ ቆሟል ማለት ይቻላል። አንድ ሁለት ጊዜማ የሰው ቤት መስሎኝ «ይህ ቤት ሰው የለበትም» ብዬ ልመዘግበው ምንም አልቀረኝም።

ኳስ ወዳድ ሰው አልነበርኩም። አሁን ግን ቅዳሜ ማታ ጨዋታ ከፍቼ ማን ለማን እንዳቀበለ ለመያዝ እታገላለሁ። በወሩ መጨረሻ ከልጄ ጋር በምትሰጡን ግማሽ ሰዓት የማወራው እንዳላጣ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. ስለ መማሪያ ክፍሉ

ማዕከልዎ ለትምህርት የሰጠው ክብር ያስደንቃል። በክፍሉ በር ላይ «የዕውቀት አዳራሽ» የሚል በወርቃማ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ክፍሉ እንዳይቆሽሽ በማሰብ ይመስለኛል ተማሪዎች አይገቡበትም፤ ኳሶች፣ መረቦችና የተቀደዱ ማሊያዎች ግን ይገቡበታል። ቁልፉ የሚውለው በንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነው። ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ብቻቸውን የሚያስተምሩት መምህርት ሰልዋ ጥቁር ሰሌዳቸውን በረንዳ ላይ አስደግፈው ተማሪ ይጠብቃሉ። ጠዋት እንዳይመጡ ልምምድ አለ፣ ከሰዓት እንዳይመጡ ልምምዱ አድክሟቸው ይተኛሉ። እኔም እሳቸውም መጠበቅ ሥራችን ስለሆነ ከበሩ በዚህና በዚያ ሆነን ስንተያይ እንግባባለን።

አሠልጣኞችዎ ግን ለዚህም መላ አበጁ። ሌላ ቦታ በልምምድ ላይ ያረፈደ ወይም የተሳደበ ተጫዋች ሜዳ ዙር ይባላል። በእርስዎ ማዕከል ግን «ክፍል ግባ!» ተብሎ ወደ መምህርት ሰልዋ ይላካል። ትምህርትንና ስልጠናን በዚህ መልክ ያቀናጀ ሌላ ድርጅት መኖሩን እጠራጠራለሁ። በዚህ አሠራር ጎበዞቹ ተጫዋቾች ደብተር ሳይነኩ ሲከርሙ፣ ሰነፎቹ ምሁር እየሆኑ ነው። ልጄ ሒሳብ ስለሚወድ የጫማውን ክር ደጋግሞ እየፈታና እያሰረ ማርፈድ ጀመረ። አንድ እሑድ መምህርት ሰልዋ በሩ ድረስ ብቅ ብለው፣ «አቶ ወዬሳ፣ ደስ ይበልዎት፤ ሞቲ በዚህ ወር ደጋግሞ ተቀጥቷል» አሉኝ። ልጁ በመቀጣቱ ደስ ያለው አባት ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ጉብኝት

«ቤተሰብ ተጫዋችን ያለሰልሳል» በሚለው መመሪያዎ መሠረት በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ተፈቅዶልናል። ከጦር ኃይሎች ታክሲ ቀያይሬ ስደርስ ጥበቃው ሁልጊዜ በአክብሮት «ጋሼ፣ ይጠብቁ» ይለኛል፤ እጠብቃለሁ። ባለፈው መጋቢት የወዳጅነት ጨዋታ አለ ተብሎ ጉብኝቱ ቀረ። ወደ ቤት መመለሱ ስለከበደኝ በአጥሩ ጀርባ ዞሬ ቆምኩ። ቆርቆሮው ምንም አያሳይም። ድምፅ ግን ይሰማ ነበር፤ «ሞቲ ልቀቃት! ሞቲ ተመለስ! ሞቲ ምን ሆነህ ነው!» እያሉ ይጮኹበታል። ቤቴ ውስጥ ያንን ስም የሚጠራ ሰው ስለሌለ፣ ለስድብም ቢሆን ሲጠራ ስሰማው ደስ አለኝ። ጨዋታው እስኪያልቅ ቆሜ ሰምቼ ተመለስኩ። የመግቢያም አላስከፈላችሁኝም።

3ኛ. ስለ ዕድሜ

ዋናው ምስጋናዬ ይህ ነው።

በግንቦት ወር ማዕከልዎ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች በሚደረግ ውድድር እንደሚካፈል ተነገረ። ሞቲ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሌላ ማዕከል ቢሆን «እንግዲያው ይህ ልጅ አይሆንም» ይል ነበር። የእርስዎ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ግን ቢሮው ጠርቶኝ፣ ወንበር ስቦልኝ፣ «አባባ፣ አይጨነቁ፤ ይሄ የኳስ ዕድሜ ነው፣ የቤቱ ዕድሜ እንዳለ ቤት ይቀመጣል» ብሎ አስረዳኝ። ሁሉም ቡድን የሚያደርገው እንደሆነ፣ የማያደርግ ሞኝ እንደሆነ፣ የቀረው የአባት ፊርማ ብቻ እንደሆነ ነገረኝና ወረቀቱን አቀረበልኝ። እንዲህ ይላል፦ ሞቲ ወዬሳ፤ የትውልድ ዘመን ግንቦት 2003 ዓ.ም.፤ የእናት ስም ገበያነሽ ቶላ።

ክቡር ሆይ፣ ገበያነሽ ባለቤቴ ነበረች። ሞቲን የወለደችው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። በጥር 2001 ዓ.ም. ልጁ ገና በዳዴ ሲሄድ ታመመችና ብዙም ሳናስታምማት ዐረፈች። እንግዲህ በማዕከልዎ ወረቀት መሠረት ባለቤቴ ከተቀበረች ከሁለት ዓመት በኋላ ተነሥታ ጤናማ ወንድ ልጅ ተገላግላለች ማለት ነው። ወሬው የደረሰኝ አሁን ስለሆነ እልልታዬ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለሟች ሁለት ዓመት መጨመር ቀላል ውለታ አይደለም። ሐኪምም፣ ጸበልም፣ የእኔም ለቅሶ አንድ ሳምንት ሊጨምርላት አልቻለም ነበር። ስለዚህ ከምስጋናዬ ጋር አንዲት ጥያቄ ብቻ ላቅርብ፤ እነዚያን ሁለት ዓመታት የት ነበረች? እኔ ጋ አልነበረችም። እነዚያን ዓመታት በደንብ አውቃቸዋለሁ። ሕፃን በጀርባዬ አዝዬ ከደጅ ደጅ ቆጣሪ ያነበብኩባቸው ዓመታት ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች እየሳቁ፣ ኋላም ሳቁ ቀርቶ እየተከዙ፣ አንቀልባ ማሰር ያስተማሩኝ ያኔ ነው። አንዲት እናት ቆጣሪያቸውን ላነብ ስገባ ልጁን ከጀርባዬ አውርደው አጥበውት፣ አብልተውት መለሱልኝ፤ እኔም ከበሩ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ገበያነሽ በሕይወት ኖራ ይህን ሁሉ እያየች ዝም ካለችኝ በጣም እቀየማታለሁ።

በዚያን ጊዜ ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበተው ከወይዘሮ አልፊያ ጋር ነበር። አነስ የሚባል ከሞቲ ጋር እኩያ የሆነ ልጅ ነበራት። ሞቲ ሲያለቅስ ግድግዳውን በጡጫ መታ መታ ታደርግና «አምጣው!» ትለኝ ነበር። የራሷን ልጅ በአንዱ፣ የእኔን በሌላው ጡቷ አድርጋ አሳደገቻቸው። ሃይማኖታችን ሌላና ሌላ ሲሆን ልጆቻችን ግን የጡት ወንድማማች ሆኑ። ኋላ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከሰፈር ወጣች፤ ግድግዳውን የሚመታ ከጠፋ ቆይቷል። የወረቀቱን ነገር በስልክ ነገርኳት። «ወዬሳ፣ እኔ ታዲያ ያን ጊዜ ያጠባሁት ማንን ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋን ወደሚመለከተው ክፍል፣ ማለትም ወደ እርስዎ፣ መርቼዋለሁ።

ለመዝገብ ክፍሉ ኃላፊም የባለቤቴን ሞት አስረዳሁት። ፊቱ እንኳ አልተለወጠም፤ እንዲያውም ችግሩ ቀላል በመሆኑ ደስ ያለው ይመስል ነበር። «እሱማ ምን ችግር አለው፣ የእናት ስም እንቀይራለን። ሌላ ሚስት አላገቡም?» አለኝ። አላገባሁም አልኩት። «ምነው?» አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ እናቴ ጠይቃኝ አልመለስኩም፤ ንስሐ አባቴ ጠይቀውኝ አልመለስኩም። ለአንድ ውድድር ብዬ እንድመልሰው መጠየቄ ክብር ነው። እንግዲህ ማዕከልዎ ይህን ያህል ከተጨነቀ ልመልስ፤ ገበያነሽን ስለምወዳት ነው። አሁንም እወዳታለሁ።

ከእሷ የቀረን አንድ ፎቶ ነው። የሞቲ ክርስትና ዕለት ጦር ኃይሎች ከነበረ ፎቶ ቤት ገብተን የተነሣነው ነው። እኔ ክራባት አስሬ ደንግጬ ቆሜአለሁ፣ እሷ ልጁን ይዛ ትስቃለች። ፎቶው አሁን በእርስዎ ማደሪያ በሞቲ ትራስ ሥር ነው ያለው፤ ማደሪያ ሲገባ ከቤት ይዤ ልሂድ ያለኝ እሱን ብቻ ነበር። በማዕከልዎ ሒሳብ ግን በፎቶው ላይ ያለው ሕፃን ሞቲ ሊሆን አይችልም፤ ሞቲ ገና አልተወለደማ። እናቱ አቅፋው ራሱን ያየበትን ብቸኛ ምስል ከትራሱ ሥር ሳታነሡ ወስዳችሁበታል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም።

4ኛ. ስለ ክፍል

እስከዚህ ድረስ ያለው ኳሱን የሚመለከት ነው። ትምህርትን ከስልጠና ጋር የማቀናጀት ችሎታችሁ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ብልህ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ አሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል መማሩ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ጥያቄ እንደሚያስነሣ አስተዋለ። ኳሱና ትምህርቱ መጣጣም ስላለባቸውም ሞቲ ለመጪው ዓመት ስምንተኛ ክፍል እንዲገባ ተወሰነ።

ሞቲ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ድሮ አልፏል። በድጋሚ ቢፈተን እንደሚያልፍ አልጠራጠርም፤ ማዕከልዎም «ተማሪዎቻችን በሙሉ አለፉ» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት ይችላል። የጡት ወንድሙ አነስ ግን መስከረም ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይገባል። አንድ ጡት ተካፍለው ያደጉ ልጆች ናቸው። አንዱ ለዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲዘጋጅ፣ ሌላው ያለፈበትን ደጃፍ ተመልሶ ያንኳኳል። የሁለት ዛፉን ተረት እንደሻራችሁ እኔም መስክሬያለሁ፤ ልጄን ከአንዱ ዛፍ አውርዳችሁ ሌላኛው ላይ በውሸት ሰቅላችሁታልና።

5ኛ. ስለ ፊርማዬ

ከመጪው ዓርብ በፊት ካልፈረምኩ ሞቲ ሻንጣውን ይዞ እንዲወጣ እንደሚደረግ በትሕትና ተገልጾልኛል።

ባለፈው ሳምንት ልጄ በጥበቃው ስልክ ደወለልኝ። «አባዬ፣ የሁሉም አባት ፈርሟል፤ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። «ወረቀት እኮ ነው» ብሎም ጨመረ። ጥበቃው ካርዱ እንዳያልቅበት ሲጉረመርም ይሰማኛል። «በርታ» ብዬው ዘጋሁት። ለልጄ የምለው ጠፍቶኝ እንደ ሩቅ ዘመድ «በርታ» ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

እዚህ ላይ እርስዎ «ይህ ሰውዬ ልጁ እንዲመለስለት ፈልጎ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም» ሊሉ ይችላሉ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላልና እኔው ልናገረው። ልክ ነዎት፤ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል። በሩን ከፍቼ ስገባ «መጣህ?» የሚለኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ እጄን ብዙ ቀን ጠረጠርኩት፤ የማትፈርመው ለልጁ ነው ወይስ ለራስህ እያልኩ አየሁት። እንደሚመስለኝ ለሁለታችንም ነው፤ ልለያቸው አልቻልኩም።

ልጄ ደግሞ ኳስ ይችላል። ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ሌሎቹ ይዋከባሉ፣ እሱ አይዋከብም። ድሮ ሰፈር ሲጫወት ይህን እንዳየሁ እናቱን አስታወሰኝ፤ እሷም እንዲሁ ነበረች፣ ቤቱ ሲታመስ እሷ ቀስ ትል ነበር። ይህን ከልጄ ልነጥቀው ነው። ቤት ተመልሶ ከጎኔ ተቀምጦ ላያናግረኝ ይችላል። ይህ ከአሁኑ ብቸኝነቴ የባሰ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ የሌለ ሰው ዝም ቢል አያስቀይምም፣ አጠገብ ያለ ሰው ዝም ሲል ግን ሆድ ይበላል።

እንደዚያም ሆኖ አልፈርምም። ልጄን ለኳስም ለትምህርትም ብዬ በአደራ ሰጥቻችሁ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብታጎድሉ እንደ ድሃ አባት ችዬ፣ «ላም አለኝ በሰማይ» እያልኩ እኖር ነበር። እናቱን ግን አልሰጠኋችሁም። እሷ በአደራው ውስጥ አልነበረችም።

ስለዚህ ወረቀታችሁን ሳይታጠፍና ሳይቆሽሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ የፊርማው ቦታ እንደተሰጠኝ ባዶ ነው። ለሌላ አባት ይጠቅም ይሆናል።

ጊዜዎን ሠውተው እስከዚህ ካነበቡልኝ፣ በበርዎ ላይ ለጠበቅሁት ጊዜ ሁሉ ካሳ እንደተከፈለኝ እቆጥረዋለሁ። ሣርዎ ይለምልም፣ ዋንጫዎ ይብዛ፣ ልጆችዎም በተወለዱበት ቀን ተወልደው ይኑሩልዎ።

ባለዎት ሥልጣን ፊት ጎንበስ፣ በልጁ ጉዳይ ግን ቀና ብሎ የቆመው አገልጋይዎ፣

ወዬሳ ያደሳ
የሞቲ አባት፣ የገበያነሽ ባል

ግልባጭ፦
— ለመምህርት ሰልዋ፣ በረንዳው ላይ
— ለበሩ ጥበቃ፣ ስልኩን ስላዋሰን ከምስጋና ጋር
— ለወይዘሮ አልፊያ፣ ያጠባችው ማንን እንደሆነ ማዕከሉ ሲወስን እንዲገለጽላት
— ለወይዘሮ ገበያነሽ ቶላ፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ከመለጠፌና በሰፈራችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ከማውጣቴ በፊት፣ ልጄ ከሰው አፍ እንዳይሰማው ብዬ ትናንት በቆርቆሮው አጥር ሥር ባለች ክፍተት አቀበልኩት። እሱ ከአጥሩ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆነን፣ አንብቦ እስኪጨርስ ጃንጥላውን መክፈት ረስቼ ዝናብ ወረደብኝ። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ሊሰርዘው ነው ብዬ ፈራሁ፤ ግን ሰጠሁት። ወረቀቱ ሲመለስልኝ አንድ ቃል አልተሰረዘም፤ «ሁለት ዓመት» ባልኩበት ቦታ ሁሉ ጎን ላይ «ከአራት ወር» ብሎ ጽፎ ጨምሮበታል። መቼ እንዳሰላው ጠየቅሁት። «ወረቀቱን ያሳዩኝ ዕለት» አለኝ። እንግዲህ «ፈርም» ብሎ ሲደውልልኝም ያውቀው ነበር። እኔ ቤቴ ብቻዬን የያዝኩት መስሎኝ ሳለ፣ እሱም ማደሪያችሁ ውስጥ ትራሱ ሥር ብቻውን ይዞት ከርሟል። «ለጥፈው አባዬ» አለኝ። ስለዚህ ለስምንተኛ ክፍል ያጫችሁት ተማሪ የዓመትና የወር ሒሳብ በሚገባ እንደሚያውቅ፣ በቅጣት መልክ የሰጣችሁትም ትምህርት ፍሬ እንዳፈራ ለአሠልጣኞቹ ይገለጽልኝ። ዓርብ ሻንጣውን የምንረከበው በየትኛው በር እንደሆነም ጥበቃው ይነገረው፤ እኔ እንደሆንኩ መጠበቅ ለምጃለሁ። ከላይ «ሁለት ዓመት» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ «ሁለት ዓመት ከአራት ወር» ተብሎ ይነበብልኝ።